ስለ ታሰረው ወንበርና ስለ ግማሹ ፒዛ

ለነባር ንግድ ቤቶች ጥበቃና እድሳት ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና አንድ ገመድ ማስፈታትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም የሚቀመጡበት ወንበር እንደምን ከረማችሁ እላለሁ። ወንበሩን ከቤተሰብ ጋር አብሬ መጥራቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ሰው የለመደው ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋሉ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ በጽሕፈት ቤትዎ ቸርነት ስለተማርኩ፣ የእርስዎ እንዳይነካብዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ ተመስገን ነው፤ ቆመን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በሰፈራችን ማዕዘን ላይ ባለው ፒዛ ቤት ግድግዳ የተሰቀለው የነሐስ ሰሌዳ ነው። «ይህ ቤት ነባር መንፈሱን እንደጠበቀ ታድሷል» ይላል። ሰሌዳው አራት ብሎን አለው፤ አራቱም በደንብ ጠብቀዋል። ይህን የምለው ነገር ፍለጋ ሳይሆን ሙያዬ ስለሆነ ነው። በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ለሃያ አራት ዓመት የጉዳት ገማች ሆኜ ሠርቻለሁ። ቤት ሲቃጠል፣ መኪና ሲጋጭ፣ ጣሪያ ሲያፈስ እሄዳለሁ፣ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ። ደህና ስለሆነ ነገር እንድጽፍ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።

ቤቱን ከመታደሱ በፊት መጥተው ለማየት ሥራ እንዳልፈቀደልዎ ስለሰማሁ፣ ምን እንደነበረ በአጭሩ ላስረዳዎ። አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ የማገዶ ምድጃ፣ ቁልፉ ከጭልፋ ጋር የታሰረ አንድ መጸዳጃ ቤት ነበረው። ባለቤቱም ጋጋሪውም አንድ ሰው ነበሩ። የታዘዘው መቼ እንደሚመጣ ሲጠየቁ «ይደርሳል» ከማለት ሌላ መልስ ስለሌላቸው ሰፈሩ ጋሼ ይደርሳል ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ናፍቆት ዓይኑን ጋርዶታል እንዳይሉኝ፣ የቤቱን ነውርም አልደብቅም። ፒዛው በአንድ ጎኑ ሁልጊዜ ያርር ነበር፤ ቲማቲሙ ከቆርቆሮ ይወጣ ነበር፤ ጭሱ ልብስ ላይ ተሳፍሮ ቤት ድረስ ይሸኛል። ጥሩ ምግብ ቤት ነበር ብዬ ከማንም ጋር አልከራከርም።

አንድ ልማድ ግን ነበረው። ትሪው ሁሉ አንድ ልክ ስለሆነ ጋሼ ይደርሳል የሚጋግሩት ፒዛም አንድ ልክ ነበር፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ብቻውን የመጣ ሰው «ግማሽ» ይልና ከምድጃው አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ሌላ «ግማሽ» የሚል እስኪመጣ ይጠብቃል። የመጣው ሰው ማንም ይሁን ማን ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ጋሼ ይደርሳል ሊጡን ይዘረጉና እንደ ገመድ ያድቦለቦሉትን ቀጭን ሊጥ መሐሉ ላይ ያጋድሙበታል። ከወዲህ የአንዱ፣ ከወዲያ የሌላው። ድንበር ነው እንግዲህ። በዚያ ድንበር ሰው ሲካሰስ አላየሁም፤ በሌሎች ድንበሮች የሚሆነውን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እዚያ መሄድ ጀመረች። ከምድጃው በስተግራ ያለውን ወንበር ትይዝና «ግማሽ፣ በእንጉዳይ» ትላለች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊቷ መቀመጥ ጀመሩ፤ የእሳቸው በኩል ሽንኩርትና ቃሪያ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲበሉ አንቱ እንደተባባሉ ነው። ዛሬ የእርስዎ በኩል አሯል ይሏታል። የእርስዎን ደግሞ ማን ጥሬ አስቀረው ትላቸዋለች። ይህንኑ ተባብለው ይበላሉ፤ ሲጨርሱ እሷ ወደ ላይ፣ እሳቸው ወደ ታች ይሄዳሉ። ስም ተጠያይቀው አያውቁም፤ ስልክም አልተለዋወጡም። ሐሙስ ካለ ስልክ ምን ያደርጋል?

ከዚያ የጋሼ ይደርሳል ትከሻ ሊጥ አልዘረጋም አለ። ሰውየው ምድጃቸውን አጥፍተው ቁልፉን ከነጭልፋው አስረከቡና ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ጽሕፈት ቤትዎ የደረሰልን በዚህ ጊዜ ነው። ቤቱ ነባር ስለሆነ በሚገባ ታድሶ ለአዲስ ተከራይ ኩባንያ እንደሚሰጥ ገልጻችሁ፣ «በቤቱ ውስጥ ሊጠበቅ ይገባዋል የሚሉትን በዝርዝር ይግለጹ» የሚል ቅጽ ለነዋሪው አደላችሁ።

ያን ቀን እጄን በኪሴ አድርጌ ባልፍ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላደከምኩዎ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ቤቱን ላድን ብዬ አራት ገጽ ጻፍኩ። የጻፍኩትም እንደማውቀው ነው፤ ስንጥቁን በሳንቲ ሜትር፣ እድፉን በቅርጽ፣ የጎደለውን በልክ። ስለ እናቴ ወንበር እንዲህ አልኩ፦ «ከምድጃው በስተግራ፤ መደገፊያው በመደገፍ ብዛት ነጥቷል፤ ሁለት ብሎኖቹ ላልተዋል፤ ከአንዲት ቀጭን ሴት በላይ ለመሸከም አስተማማኝ አይደለም።» ቀጭኗ ሴት እናቴ ነች። ስለምወደው ነገር በሌላ አኳኋን መጻፍ አልተማርኩም።

ወረቀቴን ማንበባችሁን አልጠራጠርም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የጻፍኩትን ግምት እንዲህ መስመር በመስመር ያከበረ መሥሪያ ቤት አላጋጠመኝም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩. ከበሩ ሦስተኛው የወለል ንጣፍ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር መሰንጠቁን ጽፌ ነበር። የተሰነጠቀው ተነቅሎ ተጥሎ፣ ስንጥቁ ፋብሪካ ውስጥ የታተመበት አዲስ ንጣፍ ገብቷል። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት፤ ሃያ ሁለት ነው፤ አንዲት ሚሊ ሜትር አልተሰረቀችም። ስንጥቁ ሳያምራችሁ አልቀረም መሰለኝ፣ ሌሎች አሥራ አንድ ንጣፎችም እንደዚሁ ተሰንጥቀው ተነጥፈዋል። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት። ከወለል ላይ ስነሣ አንዲት አስተናጋጅ ዕቃ ጠፍቶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ ብያታለሁ።

፪. ሁለተኛው ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጥሮ በታጠፈ ካርቶን መደገፉን ጽፌ ነበር። አዲሱ ጠረጴዛ አራቱም እግሮቹ እኩል ሆነው ከወለሉ ጋር በብሎን ታስረዋል፤ በአንደኛው እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን በሙጫ ተለጥፏል። ምንም እንደማይደግፍ ልገልጽልዎ እወዳለሁ። ሥራ ፈትቶ የሚኖር ነገር ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

፫. ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ የሸሚዝ እጅጌ በሚመስል ቅርጽ ጥላሸት መያዙን ጽፌ ነበር። ግድግዳው ተፍቆ ነጭ ከተቀባ በኋላ አንድ ሰዓሊ መጥቶ ጥላሸቱን ሥሎታል። ለእጅጌው ቁልፍ ሁሉ ጨምሮለታል፤ ከታች በኩልም ፈርሟል። ምድጃው በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ከጎኑ የተደረደረው ማገዶ ቫርኒሽ ተቀብቶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። አንዱን ፍልጥ ለማንሣት ብሞክር ሁሉም አብረው ተነሡልኝ። እንዲህ ያለ አንድነት በሰፈራችን ሰው መካከል ቢገኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ብቻዬን ባልጻፍኩ።

፬. «ግማሽ» የሚለውን ልማድም አልረሳችሁትም፤ ሜኑው ላይ «የጥንቱ ግማሽ በግማሽ» ተብሎ ገብቷል። አንድ ሰው ሁለት ዓይነት ማጣፈጫ መርጦ ሁለቱንም ለብቻው የሚበላው ፒዛ ነው። መሐሉ ላይ የሊጥ ገመዱ ሳይቀር አለ፤ ሰውየውን ከራሱ ይለየዋል።

ቤቱ በተከፈተ በመጀመሪያው ሐሙስ እናቴ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ፣ ፀጉሯን አበጥራ ሄደች፤ እኔም ወረቀቴ ያዳነውን ቤት ለማየት ተከተልኳት። እንደ ልማዷ «ግማሽ፣ በእንጉዳይ» አለች። ትሑት የሆነች አስተናጋጅ በእጇ የያዘችውን ማሽን ነካክታ፣ ሌላው ግማሽ ምን እንዲሆን እንደምትፈልግ ጠየቀቻት።

«ሌላው የኔ አይደለም» አለች እናቴ።

ልጅቷ ማሽኑን አየች። ከዚያ እናቴን አየች። ማሽኑ እንዲህ ያለ መልስ እንደማይቀበላት፣ ባይሆን ዝም ብላ ወይራ ልታደርግላት እንደምትችል በለሆሳስ ነገረቻት። የማላውቀውን ሰው ግማሽ በወይራ ልሙላበት ወይ ብላ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። 

፭. ወንበሩ። በነባር ቦታው፣ ከምድጃው በስተግራ አለ፤ መደገፊያውም ነጥቷል። ከክንድ እስከ ክንድ ግን ቀይ ገመድ ታስሮበታል፤ አጠገቡ በቆመች ትንሽ ካርድ ላይ «የነባር ደንበኛ ወንበር። ለደኅንነት ሲባል መቀመጥ ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ መነጽሯን አውጥታ ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ አስተናጋጇን ጠራቻት።

«ልጄ፣ መቼ ነው የሞትኩት?»

ልጅቷ እሷ ከተቀጠረች ሁለት ሳምንቷ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ስለሆነው እንደማታውቅ መለሰች። የምሯን ነው። እናቴም ከሞተ ሁለት ሳምንት ለሆነው ሰው ደህና ነው የምመስለው ብላ ካርዱን ወደ ቦታው መለሰችው። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች በስልክ ቀድሞ የተያዙ ስለነበሩ ጥቂት ቆመን ወጣን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም። ለዚህም አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ የዘረዘርኩት ሁሉ ቢቀር ይቀራል። ቤት ያረጃል፣ ሰው ያረጃል፣ ምድጃ ይጠፋል። ፒዛው ዛሬ በሁሉም ጎን እኩል ይበስላል፤ መጸዳጃ ቤቱም ቁልፍ አይፈልግም፤ እጅ ሲያይ በራሱ ይከፈታል። ነገሩ የከበደኝ ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነው።

በማግስቱ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ የሚያደርጉት ሾፌር መጥተው እንደነበር ከዚያችው አስተናጋጅ ሰማሁ። ቀኑ ለምን እንደተለወጠባቸው አላውቅም፤ ምናልባት ሐሙስ ዕለት መጥተው በር ላይ ያለውን ሰልፍ አይተው ተመልሰው ይሆናል። «ባለ እንጉዳይዋ መጥታ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷም እንደ ደንቡ ጠረጴዛው በማን ስም እንደተያዘ ጠየቀቻቸው። ስሟን እንደማያውቁ ነገሯት። የራሳቸውን ስም ስትጠይቃቸው ደግሞ፣ የእኔን ስም እሷ አታውቀውም አሏትና ቆባቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አልታዩም።

እኔ ጉዳት ስገምት ምስክር እመዘግባለሁ፤ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ። በአራት ገጽ ወረቀቴ ላይ የካርቶን ውፍረት ሳይቀር ጽፌ፣ የሰውየውን ስም አልጠየቅኩም። ወደ ታች ይሄዱ እንደነበር ብቻ ነው የምናውቀው። ወደ ታች በኩል አሥራ ሰባት ቅያስ አለ። አምስቱን አንኳኩቻለሁ። በአንደኛው በር አንዲት ሴት ሾፌሩን እንደምታውቃቸው በደስታ ነግራኝ አስገባችኝ፤ የታክሲ ሾፌር ሆነው ተገኙ፤ ቃሪያም አይወዱም።

ለዚህ ነው ሦስት ጊዜ ለጽሕፈት ቤትዎ ያመለከትኩት። የጠየቅኩት ቤቱ እንዲመለስ አይደለም። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ገመዱ ተፈትቶ እናቴ ወንበሯ ላይ እንድትቀመጥ ነው። ሰውየው የሚያውቋት በስም ሳይሆን በዚያ ወንበር ነውና፣ በመስኮት አልፈው ሲሄዱ ቢያዩዋት ብዬ ነው። ሦስቱም ማመልከቻዎች መልስ አግኝተዋል፤ በዚህም ከብዙ ዜጎች ይልቅ ዕድለኛ ነኝ።

የመጀመሪያው መልስ ወንበሩ በቅርስነት መመዝገቡን ይገልጻል። ሁለተኛው ወንበሩ ለመቀመጥ አስተማማኝ አለመሆኑ በባለሙያ እንደተረጋገጠ፣ ለማጠንከር ቢታሰብ ደግሞ ነባርነቱ እንደሚበላሽ ይናገራል። ባለሙያው ማን እንደሆነ ለማወቅ ተያያዡን ስገልጥ የራሴን ፊርማ አገኘሁት። ሦስተኛው በጣም ደግ ነበር። እናቴ ፈቃደኛ ከሆነች ፎቶግራፏ በወንበሩ ላይ እንዲሰቀል ሐሳብ ያቀርባል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ የእኔ ስለሆነ የሞኙንም ስፍራ ለማንም አልሰጥም።

ባለፈው ወር ግን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ራሴን አጋልጣለሁ። ቤቱ ጭር ሲል ጎንበስ ብዬ ወንበሩን ከሥሩ አየሁት። ብሎኖቹ ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም አዲስና ጥብቅ ናቸው። እንጨቱም አዲስ ነው፤ መደገፊያው የነጣው በመደገፍ ሳይሆን በአሸዋ ወረቀት ነው። በሙያዬ እምላለሁ፣ ሁለት ወፋፍራም ወንዶች ተደራርበው ቢቀመጡበት አይነቃነቅም። አሮጌው የት እንደደረሰ አልታወቀም። እንግዲህ የተጣለው ወንበር ልል ስለነበር፣ ጠንካራው ወንበር እንዳይቀመጡበት ታስሯል ማለት ነው። ይህን በአራተኛ ማመልከቻ ለማሳወቅ መስኮታችሁ ድረስ ብመጣ፣ ወንበሩ አዲስ ነው ካልኩ ሰሌዳውን መቃወሜ ስለሆነ ሌላ ክፍል እንደሚመለከተው ተነገረኝ። ሌላው ክፍል በእድሳት ላይ ነው።

እናቴ አራት ሐሙስ ያህል መስኮቱ ውጭ ቆማ ጠበቀች። ጉልበቷ ያማታል፤ ቢሆንም መንገደኛ ወንበር ሲያመጣላት የሰው ወንበር አልለመድኩም ብላ መለሰችው። በአምስተኛው ሐሙስ ልብሷን አልቀየረችም። ለእኔ ሥራ ሰጠችኝ፤ በስልክ እንዳዝላት።

ያቺን «የጥንቱ ግማሽ በግማሽ» አዘዝኩ። ግማሹ በእንጉዳይ፣ ግማሹ በሽንኩርትና በቃሪያ። ማሽኑ ምንም አላስቸገረም፤ ሁለቱንም ወዲያው ተቀበለ። በካርቶን መጣ። እናቴ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተቀምጣ የራሷን በኩል እስከ ሊጡ ገመድ ድረስ በላች፤ አላረረም ብላም አማረረች። ሌላው ግማሽ እንዳለ ነበር። ከሥራ ገብቼ ስለራበኝ እጄን ሰደድኩ።

«ተወው» አለችኝ። «የሰው ነው።»

ካርቶኑን ከደነችው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እስካሁን አልተጣለም። እኔም አልነካሁትም፤ እንዴት እንደሚጣልም አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ ገመዱ ቋጠሮው አንድ ብቻ ነው። አይቼዋለሁ፤ በሁለት ጣት ይፈታል። እኔ ልፈታው ብል የሚደርስብኝን ካርዱ ጀርባ ላይ አንብቤያለሁ፣ ስለዚህ ጣት ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ባትፈቱትም ቅር አይለኝም ብል ዋሸሁ ማለት ነው፤ ነገር ግን ቅር ማለቴ ከማንም ላይ ምንም እንደማያነሣ አምስት ወር አስተምሮኛል።

ወንበርዎ ይጽናልዎ፤ ብሎንዎ አይላላ፤ በሕይወት ሳሉ ካርድ አይቁምልዎ እያልኩ፣ አራት ገጽ ጽፎ አንድ ስም ያልጠየቀው፣ ሙያውን እንደ እናንተ ያከበረለት ያላገኘ፣

ትሑት ነዋሪ፣ የጉዳት ገማች

ግልባጭ፦
ለሌላው ክፍል (እድሳቱ ሲያልቅ)
ከፒዛ ቤቱ ወደ ታች ላሉት አሥራ ሰባት ቅያሶች፣ በየምሰሶው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ እንደገና ሳነበው በስሕተት ብዙ ነገር በዝርዝር መግለጼን አስተዋልኩ። እናቴ ቀጭን መሆኗን፣ ጉልበቷ እንደሚያማት፣ መነጽር እንደምታደርግ፣ ሐሙስ ሐሙስ እንደምትጠብቅ ጽፌያለሁ። በእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እባካችሁ እሷን አታድሱብኝ።